ለማሊ ሲሆን ሌላ፣ ለቻድ ሲሆን ሌላ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ የታክሲ ሹፌር ነኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ተሳፋሪ ስጠብቅ መሪው ላይ ዘርግቼ ነው። ስለ አፍሪካ ኅብረት ያወጣችሁትን ጽሑፍም ያነበብኩት እንደዚያው፣ ሳር ቤት ጥግ ይዤ ቆሜ ነው። ጸሐፊው ኅብረቱ በጠመንጃ ሥልጣን የሚይዝን ሰው ፈጽሞ እንደማይታገስ ጽፈዋል። ሌላው ሌላው መልካም ነው። «ፈጽሞ» የምትለዋ ቃል ግን አልዋጥ አለችኝ። ይህንን ደብዳቤ የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024፣ የቻድ ምርጫ ባለፈ ሰሞን፣ አንድ ሰው ከካዛንቺስ ወደ ሳር ቤት አሳፈርኩ። አማርኛ አይችልም። እኔ ደግሞ ጅዳ ስድስት ዓመት የውሃ ቦቴ ነድቻለሁና አረብኛ አይቸግረኝም። የእሱ አረብኛ ለየት ቢልም ተግባባን። ቻዳዊ ነው፣ ለሥልጠና ነው የመጣው። ሜክሲኮን አለፍ እንዳልን መንገዱ ተቆለፈ። የኅብረቱ ረጅም ሕንፃ ከፊታችን ተገትሯል። ሰውየው በመስኮቱ ቀና ብሎ አየውና «እኛን 18 ወር ብቻ ያሉን እዚህ ውስጥ ሆነው ነው?» አለኝ። ሳይሆን አይቀርም አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «18 ዓመት ለማለት ፈልገው አፋቸውን አዳልጧቸው ይሆናል» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢድሪስ ዴቢ ቻድን 30 ዓመት ገዝቶ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2021 መሞቱ ተነገረ። ከአማፂያን ጋር ሲዋጋ ቆስሎ ነው ተባለ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንት ሲሞት ቦታውን የሚይዘው አፈ ጉባኤው ነው ይል ነበር። ጄኔራሎቹ ግን ሕገ መንግሥቱን ሻሩ፣ ፓርላማውን በተኑ፣ የሟቹን ልጅ ማሃማትን ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ጎልማሳው 37 ዓመቱ ነበር፣ እሱም ጄኔራል ነው። ከአባት ወደ ልጅ፣ በጠመንጃ አጃቢነት። ይህ መፈንቅለ መንግሥት ካልሆነ ምን እንደሚባል የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ወር ከአራት ቀን ቆይቶ ማሊ ውስጥ ኮሎኔል አሲሚ ጎይታ የሽግግሩን ፕሬዚዳንትና ጠቅላይ ሚኒስትር አሰረ። ኅብረቱ በሳምንቱ ገደማ ማሊን አገደ። በዚያው ዓመት ጊኒን አገደ፣ ሱዳንን አገደ። ከዚያ ቡርኪና ፋሶ፣ ኒጀር፣ ጋቦን ተከተሉ። ሁሉም ታገዱ። ደግ አደረገ፣ እኔ አልከራከርም። ቻድ ግን አልታገደችም። የኅብረቱ የሰላምና ፀጥታ ምክር ቤት ሽግግሩ በ18 ወር ይለቅ፣ ሽግግሩን የመሩ ሰዎች በምርጫው አይወዳደሩ ብሎ በቃል ተለማመጠ።

18 ወሩ ሲያልቅ ሌላ 24 ወር ተጨመረበት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2022 ሰው ይህንን ተቃውሞ አደባባይ ሲወጣ በጥይት ተቀበሉት። መንግሥቱ ራሱ ያን ዕለት 50 ያህል ሰው መሞቱን አምኗል። በፌብሩዋሪ 2024 ተቀናቃኙን ያያ ዲሎን በፓርቲው ጽሕፈት ቤት ወታደሮች ገደሉት። የማሃማት ዘመድም ነበር። በሜይ አይወዳደርም የተባለው ማሃማት ተወዳደረ። 61 ከመቶ አገኘ ተባለ። አሁን ሙሉ ፕሬዚዳንት ነው።

«ቻድ እኮ ጦርነት ላይ ነበረች» የሚል መልስ አውቃለሁ። አማፂያን ከሊቢያ በኩል እየመጡ ነበር፣ ቦኮ ሐራም አለ፣ አገር ሊፈርስ ይችላል። እሺ። ማሊስ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ምን ላይ ነበረች? ሠርግ ላይ? ልዩነቱ ጦርነት አይደለም። ልዩነቱ ቻድ ወታደር የምትልክ አገር መሆኗ ነው። ፈረንሳይ በሳህል ያሰለፈችው ጦር ዋና መምሪያው ንጃሜና ነበር። የዴቢ ወታደሮች ማሊ ድረስ ሄደው የሞቱ ናቸው። ውለታ አለባቸው፣ ይፈለጋሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ፕሬዚዳንት ማክሮን ለዴቢ ቀብር ራሳቸው ንጃሜና ሄዱ። ከልጁ አጠገብ ፊት ወንበር ተቀመጡ። ፈረንሳይ የቻድን መረጋጋትና አንድነት ማንም እንዲነካ አትፈቅድም ብለው ተናገሩ። ሕገ መንግሥቱን ማን እንደነካው ያን ቀን አላነሱትም። እርግጥ ከቀናት በኋላ ሰልፈኞች ሲገደሉ ግድያውን አውግዘዋል፣ ሥልጣን ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉንም አልደግፍም ብለዋል። እሱን መደበቅ አልፈልግም። ግን የማሊው ኮሎኔል ያን ድርጊት ሲፈጽም የፈረንሳይ ወታደሮች ከማሊ ጦር ጋር የሚያደርጉት የጋራ ዘመቻ በአሥር ቀን ውስጥ ነው የቆመው። ለአንዱ የሐዘን ጥቁር ልብስ፣ ለአንዱ ኩርፊያ።

መጨረሻው ደግሞ ይገርማል። ያ ሁሉ የተደረገለት ማሃማት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ፈረንሳይን በቃሽኝ አላት። በሁለት ወር ገደማ ወታደሮቿ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ።

አሁን ወደ እኔ ቤት ልመለስ። ያ የኅብረቱ ሕንፃ የቆመበት ሰፈር ለእኔ ቤተሰብ ሌላ ስም አለው። ከርቸሌ ነበር። የከርቸሌው ውስጥ ደግሞ ዓለም በቃኝ። ቻይና 200 ሚሊዮን ዶላር አውጥታ ሕንፃውን በስጦታ ሳታቆም በፊት ማለቴ ነው። በጣሊያን ጊዜ ሰው ታጉሮበታል። በኅዳር 1967 ስልሳዎቹ የተረሸኑት እዚያው ግቢ ነው። በ1970 ታላቅ ወንድሜ ገባ። በ1974 ወጣ። እናቴ ስንቅ ስታመላልስ ብዙ ጊዜ አብሬያት እሄድ ነበር። በር ላይ የሚፈትሸው ወታደር የብስክሌት ቸርኬ ሽቦ ነበረው። ሽሮው ውስጥ ይሰደዋል፣ ያማስለዋል፣ ወረቀት ካለ ብሎ። ሽቦውን በሱሪው ይጠርግና ወደሚቀጥለው ሳህን ይሄዳል። እናቴ የምትፈራው ሽቦውን አልነበረም። «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» የሚለውን ቃል ነበር። ከፊቷ ተሰልፈው የነበሩ ሴቶች ያን ተብለው ሲመለሱ አይታለች። እኔም አይቻለሁ። ሳህናቸውን እንደያዙ ነበር መንገዱን የሚሻገሩት።

ከዚያ በፊት፣ በሚያዝያ 1969፣ መንግሥቱ ኃይለማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ጠርሙስ የሰበረ ዕለት እኔ እዚያ ነበርኩ። 11 ዓመቴ ነው። ከትምህርት ቤት አሰልፈው ወሰዱን። ጠርሙሱ ውስጥ ደም ነበር የሚል አለ፣ ቀይ ቀለም ነው የሚል አለ። እኔ ያየሁት የሰው ጀርባ ብቻ ነው።

የዚያ ዓመት ሌላ ነገር ግን በደንብ አስታውሳለሁ። ጎረቤታችን የነበሩ ጡረተኛ የጀርመን ድምፅን ቀስ አድርገው ከፍተው ይሰሙ ነበር። የካቲት ላይ ነው፣ መንግሥቱ ጄኔራል ተፈሪ በንቲንና ጓዶቻቸውን ከገደለ ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው። መጥተው ለእናቴ በሹክሹክታ «አሜሪካ እርዳታ ልትቀንስበት ነው፣ ስለ ሰብአዊ መብት» አሏት። እናቴ የወሎ ሰው ናት። በ1965 እና በ1966 ረሃብ ሁለት ወንድሞቿን ቀብራለች። እጇን ከቡሖው አወጣችና «ታዲያ የወሎ ሰው ሲያልቅ የት ነበሩ?» አለቻቸው። ሽማግሌው መልስ አልነበራቸውም።

እኔ መልሱን ያገኘሁት አድጌ ሳነብ ነው። ጃንሆይ ፓርቲ የሚባል ነገር በአገራቸው አልፈቀዱም። ወሎ ሲራብ ነገሩ ተዳፍኖ ነበር የቆየው። ዋሽንግተን ግን ለዓመታት ከእርሳቸው ጋር ፍቅር ነበረች፣ ምክንያቱም አስመራ ላይ ቃኘው የሚባል የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ጣቢያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የካርተር መንግሥት ሲመጣ ሳተላይት ተስፋፍቷል፣ ቃኘውም እንደ ድሮው አያስፈልግም፣ ሊዘጉትም አስበው ነበር። ያኔ መብታችን ትዝ አላቸው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1977 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳይረስ ቫንስ በሰብአዊ መብት ጥሰት እርዳታ የሚቀነስባቸውን ሦስት አገሮች ጠሩ፤ አርጀንቲና፣ ኡራጓይ፣ ኢትዮጵያ። ደቡብ ኮሪያስ? የፓርክ ቹንግ ሂ መንግሥትም ተቃዋሚ ያስር ነበር። እሷ ግን ለአሜሪካ ጸጥታ ስለምታስፈልግ አልተነካችም። ይህንን ራሳቸው በግልጽ ነው የተናገሩት። ለግልጽነታቸው ምስጋና ይገባቸዋል።

ደርግ ገዳይ አልነበረም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ወንድሜ አራት ዓመት የበላበት ሰው እንዲህ አይልም። እርዳታው መቀነሱ ልክ ነበር። ልክ ያልነበረው የሚቀጥለው ነው። ዚያድ ባሬ በ1969 እ.ኤ.አ. በመፈንቅለ መንግሥት የመጣ ጄኔራል ነው። እስከ 1977 የሞስኮ ወዳጅ ነበርና ለዋሽንግተን መጥፎ ሰው ነበር። በኖቬምበር ሩሲያዎችን አባረረ። በኦገስት 1980 አሜሪካ የበርበራን ወደብ ለመጠቀም ከእሱ ጋር ተፈራረመች። ሰውየው ያው ነው፣ እስር ቤቱም ያው ነው፣ የዞረው ወደቡ ብቻ ነው። በ1988 ሐርጌሳን ከራሷ ከከተማዋ አየር ማረፊያ በሚነሱ አውሮፕላኖች ሲደበድብ ወዳጅነቱ ገና አልፈረሰም ነበር።

ሞስኮም ከዚህ አታመልጥም። ትናንት ሶሻሊስት ወንድሜ ያለችውን ሶማሊያን ጣለችና ወደ እኛ መጣች። አዲስ አበባ ወጣት በየመንገዱ ሬሳው ሲጣል ሩሲያ የላከችልን ታንክ ነው። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ የምዕራብ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ወዲህም ብዙ አየን። በሐምሌ 2007 ፕሬዚዳንት ኦባማ የመጡ ጊዜ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ሁለት ቀን ሥራ ፈትቼ ቴሌቪዥን ስመለከት ነበር። ከሁለት ወር በፊት ኢሕአዴግና አጋሮቹ የፓርላማውን መቀመጫ በሙሉ ወስደዋል። አንድ እንኳ ለዘር አልተረፈም። እንግዳችን ግን መንግሥታችንን በዲሞክራሲ የተመረጠ አሉት። በማግስቱ ኅብረቱ አዳራሽ ቆመው ማንም ሰው ዕድሜ ልኩን ፕሬዚዳንት መሆን የለበትም ብለው ገሠጹ። ቡሩንዲን በስም ጠሩ። ጭብጨባው ቀለጠ። እኔ ቡናዬን እየጠጣሁ፣ ቡሩንዲ ሶማሊያ ውስጥ ወታደር እያላት እንዲህ ከተባለች እኛ ምን ያህል ወድደውን ይሆን አልኩ።

ጅዳ የኖርኩበት ከተማ ስለሆነ ደግሞ አንድ ቪዲዮ ደጋግሜ አይቻለሁ። ጋዜጠኛው ጀማል ኻሾግጂ እ.ኤ.አ. በ2018 ኢስታንቡል በሚገኘው የሳዑዲ ቆንስላ ተገደለ። ጆ ባይደን ሲወዳደሩ ሳዑዲን ከዓለም የተገለለች አደርጋታለሁ ብለው ነበር። በጁላይ 2022፣ የዩክሬን ጦርነት ነዳጅ ባስወደደበት ሰሞን፣ ጅዳ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ከመኪና ወርደው ከሳዑዲው አልጋ ወራሽ ከልዑል ሞሐመድ ቢን ሳልማን ጋር ቡጢ ለቡጢ ተጋጩ። ሰላምታ መሆኑ ነው። ያ ቤተ መንግሥት ያለበትን ጎዳና ስንት ቀን ነድቼበታለሁ። ነዳጅ ሲወደድ የሰው ደም ይረክሳል።

እስካሁን የተናገርኩት በሌላው ላይ ጣት መቀሰር ነው። ይህኛውን ለመጻፍ እጄ ከብዶት ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 2023 ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን በኩል የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን በመቶዎች መግደላቸውን አወጣ። ሴቶችና ሕፃናት ጭምር። በከባድ መሣሪያ ነው የሚለው። ሳዑዲ ሐሰት ነው አለች። የእኛ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደግሞ ጉዳዩን ከሳዑዲ ባለሥልጣናት ጋር ሆኖ እንደሚያጣራ ገለጸ፤ ሁለቱ አገሮች ለረጅም ጊዜ የቆየ እጅግ መልካም ግንኙነት እንዳላቸውም አስታወሰን። የተከሰሰው ጋር ሆኖ ማጣራት! በኦገስት 24 ሁለቱም አገሮች ብሪክስ የሚባለው የእነቻይናና ሩሲያ ማኅበር ውስጥ እንዲገቡ ጆሃንስበርግ ላይ ተጋበዙ። እዚህ ከተማ ደስታው ታላቅ ነበር። ያን ሳምንት ታክሲዬ ውስጥ ስለ ብሪክስ የሚያወራ ተሳፋሪ ሞልቶ ነበር። ስለ ድንበሩ ያነሳችልኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ወንድሟ በዚያ መንገድ ወጥቶ ስልኩ ከጠፋ ዓመት አልፎት ነበር።

እኔ ጅዳ ሆኜ ቤተሰብ አስተዳድሬያለሁ። ከሳዑዲ ጋር መጣላት ምን እንደሚያስከፍል አውቃለሁ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወገን እዚያ አለ። መንግሥት ከአምባገነን ጋር ሁሉ ይቆራረጥ አልልም፣ እንደዚያ ከሆነማ ስልክ የሚያነሳልን አይኖርም። ፈረንሳይም ለወታደሯ መሬት ትፈልጋለች፣ አሜሪካም ወደብ ትፈልጋለች፣ እኛም ሥራ እንፈልጋለን። የእኔ ጥያቄ ጥቅማቸውን ጥቅም ብለው ይጥሩት ነው። ቃኘውን ቃኘው ይበሉት። ሰብአዊ መብት የሚለውን ቃል ለማይፈልጉት ሰው ማባረሪያ ዱላ ሲያደርጉት፣ የእውነት የታሰረው ሰው እናት ሰምታ አታምንም። እናቴ አላመነችም። የማሊ ወጣቶችም አላመኑም፣ ለዚህ ነው ባማኮ ላይ ወታደሮቹን እያወደሱ የሩሲያ ባንዲራ ይዘው የወጡት። ኮሎኔሉ ምንም ቅስቀሳ አላስፈለገውም፣ ቻድን መጠቆም በቂው ነበር።

ስለዚህ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ሌላ ጊዜ ኅብረቱ አንድ አገር ሲያግድ ዜናውን ስትጽፉ፣ በዚያው ገጽ ያልታገደውንም አስገቡልን። ሁለት መስመር ይበቃል። «ፈጽሞ» የምትለዋን ቃል ደግሞ ለጊዜው አሳርፏት።

አንድ የግል ነገር ጨምሬ ላብቃ። ወንድሜ የሚኖረው ደሴ ነው። ባለፈው ጥር ለሕክምና መጥቶ እኔው ታክሲ ውስጥ አስቀምጬ በሜክሲኮ በኩል ይዤው ሄድኩ። ያንን መንገድ ለዓመታት ሲሸሸው ኖሯል። ሕንፃው ጋ ስንደርስ ዝቅ በል አለኝ። ቆምኩለት። ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየው፣ አጥሩን አየው፣ ባንዲራዎቹን አየ። ከዚያ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው። «የግንቡን ድንጋይ የት ወሰዱት?» አለኝ። ግድግዳው ላይ የእሱና የጓደኞቹ ስም በምስማር የተጫረበት ድንጋይ ነበር አለኝ።

አላወቅኩም። ሰፈሩ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎችን ጠየቅኩ፣ እነሱም አያውቁም። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል የሚያውቅ ካለ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ይጻፍልኝ። ወንድሜ በየሳምንቱ እየደወለ ይጠይቀኛል።

አክባሪያችሁ፣
የታክሲ ሹፌር፣ ከሳር ቤት